ኮምፕሬሰር ሲያረጅ፦ የሦስት ዓይነት የፒስቶን ኮምፕሬሰሮች ግምገማ

አዲስ ኮምፕሬሰር (አየር አምቆ ታንክ ውስጥ የሚያጠራቅም ማሽን) ሁሉ ጥሩ ነው። ታንኩ ይሞላል፣ ጌጁ (የግፊት መለኪያው) 8 ባር ሲደርስ ሞተሩ ይጠፋል፣ ቀለሙም ያብረቀርቃል። ከካርቶን በወጣ ዕቃ ላይ የሚጻፍ ግምገማ ለገዢ ብዙም የማይጠቅመው ለዚህ ነው። ልዩነቱ የሚወጣው ሥራ ከበላው በኋላ ነው፤ አንዱ በጓርኒሲዮን (በመገጣጠሚያዎች መካከል በሚገባ ማሸጊያ) እና በሁለት ቀጫጭን የቫልቭ ምላሶች ታድሶ ይቀጥላል፣ ሌላው መለዋወጫው ከራሱ ዋጋ ጋር ተስተካክሎ በኪሎ ይሸጣል።

እዚህ የምንገመግማቸው ሦስት ናቸው። አንደኛው ዘይት አልባው ትንሹ ኮምፕሬሰር፣ ብዙ ጊዜ ባለ 24 ሊትር። ሁለተኛው በዘይት የሚሠራውና ፓምፑ ከሞተሩ ጋር በቀጥታ የተገጠመው፣ ብዙውን ጊዜ 2 የፈረስ ጉልበትና 50 ሊትር የሆነው። ሦስተኛው ፓምፑ በቺንጋ (በቀበቶ) የሚዞረው፣ ታንኩ ከ100 ሊትር የሚጀምረው። ለሦስቱም የምናቀርበው ጥያቄ አንድ ነው፦ ሲደክም ምኑ ይጠገናል፣ መቼስ ነው ጥገና የሚበቃው? ስክሩ ኮምፕሬሰር (ያለ ፒስቶን የሚሠራው) ሌላ ዓለም ስለሆነ አልነካነውም።

ከመፍረድ በፊት ሰዓት መያዝ

«ጉልበቱ ቀነሰ» ብሎ መፍረድ አይቻልም። የኮምፕሬሰር ድካም የሚለካ ነገር ነው፤ መለኪያውም ታንኩ የሚሞላበት ጊዜ ነው። ከዚህ የቀለለና ከዚህ የበለጠ እውነት የሚናገር ሙከራ የለም።

መጀመሪያ ማሽኑን አጥፉና የታንኩን የታችኛውን የውሃ መውጫ ከፍታችሁ አየሩንም ውሃውንም ጨርሱት። ውሃውን የሚረሱት ብዙ ናቸው፤ ግን ባለ 50 ሊትር ታንክ ውስጥ 10 ሊትር ውሃ ከተኛ ለአየር የቀረው ቦታ 40 ሊትር ብቻ ነው፣ ያረጀው ፓምፕም ጤነኛ መስሎ ይታያል። ከዚያ ጎማውን ነቅላችሁ መውጫውን ዝጉ፣ አስነሱት፣ ከ0 እስከ 8 ባር የወሰደውን ጊዜ በስልካችሁ ያዙ። በመሐል 2፣ 4 እና 6 ባር ላይ የደረሰበትንም ሰዓት መጻፍ አይርሳ፤ በኋላ ይጠቅማል።

ስሌቱ አጭር ነው፦ የታንኩ ሊትር ሲባዛ በባሩ፣ ሲካፈል ለደቂቃው። 50 ሊትር ታንክ 8 ባር እስኪሞላ 400 ሊትር አየር ይገባዋል። 3 ደቂቃ ከፈጀ ፓምፑ በደቂቃ 133 ሊትር ሰጠ ማለት ነው። 5 ደቂቃ ከፈጀ 80 ሊትር ብቻ ነው የሰጠው። ማሽኑ ላይ የተለጠፈው ቁጥር ለምሳሌ 200 ሊትር ቢል አትደናገጡ፤ ያ ብዙ ጊዜ ፒስቶኑ የሚጠርገው ይዘት እንጂ ታንክ ውስጥ የሚገባው አየር አይደለም። በትንንሽ የፒስቶን ማሽኖች እውነተኛው አየር ከተለጠፈው ከ60 እስከ 70 በመቶ ቢሆን ጤነኛ ነው።

ንጽጽሩ ማሽኑ አዲስ ሳለ ከነበረው ጊዜ ጋር ቢሆን ይመረጣል። ያ ካልተመዘገበ ከላይ በተባለው መቶኛ ይገመታል። በእኛ ሚዛን ጊዜው በሩብ ከረዘመ ፊልትሮ (የአየር ማጣሪያው) እና የአየር ማፍሰስ ይፈተሻል፤ በግማሽ ከረዘመ ቴስታታው (የሲሊንደሩ የላይኛው ክዳን) ይከፈታል፤ እጥፍ ከሆነ ከቫልቩ ሌላ ፋሻውም (ፒስቶኑን ዙሪያውን የሚያሽገው ቀለበት) ተጠርጣሪ ነው።

አሁን በመሐል የጻፋችኋቸውን ሰዓቶች አውጡ። ከ0 እስከ 2 ያለው ጊዜ እንደ ድሮው ሆኖ ከ6 እስከ 8 ያለው ብቻ ከረዘመ፣ ፓምፑ ውስጥ አየር የሚያመልጥበት ቦታ አለ፤ ግፊቱ ሲጨምር ማምለጡም ስለሚጨምር ነው። ምላስ ወይም ፋሻ በሉ። ከታች እስከ ላይ እኩል ከዘገየ ግን ፓምፑ የሚገባውን አየር እያገኘ አይደለም፣ ወይም በሚገባው ፍጥነት እየዞረ አይደለም። ያኔ የታፈነ ፊልትሮ፣ የሚንሸራተት ቺንጋ ወይም የወረደ ቮልቴጅ ፈልጉ። በዚህ መለያ ብቻ ስንት ቴስታታ ያለ ምክንያት ከመፈታት ይድናል።

ሁለት ነገር ሙከራውን ያበላሻል። አንዱ ኤክስቴንሽን ነው፤ 30 ሜትር ቀጭን ገመድ ላይ የተሰካ ሞተር ቮልቴጅ ይጎድለዋል፣ ይዘገያል፣ ይሞቃል። ርቀት ካስፈለገ የሚረዝመው የአየሩ ጎማ እንጂ የኤሌክትሪክ ገመዱ አይደለም። ሌላው ከፍታ ነው። ከባሕር ወለል በላይ 2400 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት 0.76 ባር ገደማ ስለሆነ ፓምፑ በእያንዳንዱ ምት የሚስበው አየር በሩብ ያህል የሳሳ ነው፤ ያው ጤነኛ ማሽን ታንኩን ለመሙላት አንድ ሦስተኛ ያህል ተጨማሪ ጊዜ ይወስዳል። ቆላ ላይ የተለካን ቁጥር ደጋ ላይ ካለ ማሽን ጋር አስተያይቶ «አልቋል» ማለት ሰውየውን ያለ ጥፋቱ ማስከሰር ነው።

ከሞላ በኋላ ደግሞ አጥፍታችሁ ጠብቁ። ትኩስ አየር ሲቀዘቅዝ ጌጁ ትንሽ ይወርዳል፣ ይህ ማፍሰስ አይደለም። 15 ደቂቃ ካቀዘቀዛችሁ በኋላ ያለውን ቁጥር ያዙና በግማሽ ሰዓት ውስጥ ከግማሽ ባር በላይ ከወረደ የሳሙና አረፋ በየመገጣጠሚያው ቀቡ።

ርካሹ ብልሽት፣ ውዱ ፍርድ

ብዙ ኮምፕሬሰር ያለ ዕድሜው የሚጣለው በአንዲት ትንሽ ዕቃ ነው፦ ከፓምፑ የሚመጣው ቱቦ ታንኩ ላይ በሚገባበት ቦታ የተቀመጠችው ቼክ ቫልቭ። ሥራዋ የታንኩ አየር ወደ ፓምፑ እንዳይመለስ መከልከል ነው። ስታረጅ ወይም ጥቀርሻ ሲይዛት አትዘጋም። ያኔ ሞተሩ ካቆመ በኋላ ከፕሬዠር ስዊቹ (ግፊቱ ሲሞላ ሞተሩን ከሚያጠፋው) ሥር «ሽሽሽ» የሚል ድምፅ ሳያቋርጥ ይሰማል። ሞተሩ ሲቆም ለአንድ አፍታ «ጢስ» ማለቱ ጤና ነው፤ ፓምፑ በሚቀጥለው ጊዜ ሳይከብደው እንዲነሳ የቱቦው አየር እየተለቀቀ ነው። ታንኩ እስኪራቆት የሚቀጥለው ነው ችግሩ።

መዘዙ ግን ድምፁ አይደለም። ቱቦው ውስጥ ግፊት ከቀረ ፒስቶኑ ሙሉ ግፊት እየተጫነው ለመነሳት ይታገላል። ሞተሩ ያጉረመርማል፣ አይዞርም፣ ሴኩንዶች ቆይቶ ኦቨርሎዱ (ሞተሩን ከመቃጠል የሚያድነው መቁረጫ) ይቆርጠዋል። ባለቤቱ «ሞተሩ ተቃጠለ» ይላል፤ ዕድሉ ከጠመመም ጠጋኙ ሞተሩን ፈትቶ ሽቦውን እንደ አዲስ ያስጠቀልላል። ስለዚህ የሚያጉረመርም ሞተር ሲያጋጥም መጀመሪያ ታንኩን ባዶ አድርጉትና አስነሱት። ባዶ ታንክ ላይ በደንብ ከተነሳ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ቼክ ቫልቩ ወይም የፕሬዠር ስዊቹ መልቀቂያ ነው። ቼክ ቫልቩን ለመፍታት ታንኩ ባዶ መሆኑን ጌጁን ብቻ አይታችሁ አትመኑ፤ የታችኛው መውጫ ተከፍቶ ይቆይ። ውስጡ ያለችው የጎማ ወይም የቴፍሎን ክዳን ትጸዳለች ወይም ሙሉ ቫልቩ ይለወጣል፤ መጠኑንና የጥርሱን ዓይነት ለማስተያየት አሮጌውን ይዞ መሄድ ነው።

ባዶ ታንክ ላይም ካጉረመረመ ቀጥሎ የሚጠረጠረው ካፓሲተር (ሞተሩን በማስነሳት የሚያግዘው የኤሌክትሪክ ዕቃ) ነው። መሰኪያው ተነቅሎ፣ ካፓሲተሩ በሬዚስተር ቻርጁ ከወጣ በኋላ ይለካል። 40 ማይክሮፋራድ የተጻፈበት 34 ካሳየ ጉልበት የለውም፣ ይለወጥ። ሞተሩን ራሱን መጠርጠር መጨረሻ ይመጣል፤ በ500 ቮልት ሜገር (የሽቦ ሽፋን መለኪያ) በሽቦ ጥቅሉና በአካሉ መካከል ከ1 ሜጋኦም በታች ከተነበበ ወይም የተቃጠለ ቫርኒሽ ከሸተተ ነገሩ ግልጽ ነው።

ቴስታታው ሲከፈት የሚታየው

የፓምፑ ልብ ፒስቶኑ ይመስላል፤ ግን በዘይት በሚሠሩት በሁለቱም ዓይነቶች ቀድሞ የሚሸነፈው ከቴስታታው ሥር ያለው የቫልቭ ሳህን ነው። ሳህኑ ላይ እንደ ምላስ የተቆረጡ ቀጫጭን የስፕሪንግ ብረቶች አሉ፤ አንዱ አየር ሲገባ፣ ሌላው ሲወጣ ይከፈታል። ፓምፑ በደቂቃ 1000 ጊዜ ቢዞር ምላሱም 1000 ጊዜ ይታጠፋል፤ በቀጥታ ከሞተር ጋር በተገጠመው ላይ ደግሞ 2850 ጊዜ ገደማ። ድካሙ ከዚህ ነው የሚመጣው።

ሳይፈቱ መለየትም ይቻላል። ማሽኑ እየሠራ መዳፋችሁን ወደ ፊልትሮው አስጠጉ። ጤነኛ ፓምፕ ይስባል ብቻ፤ በየምቱ አየር መልሶ ከተፋ የማስገቢያው ምላስ ተሰብሯል ወይም አልገጥም ብሏል። የማስወጫው ምላስ ሲሄድ ግን የሚታየው ሌላ ነው፤ ጌጁ 4 ወይም 5 ባር ላይ ሄዶ ይተኛል፣ ቴስታታውም ከልክ በላይ ይግላል። የታመቀው ትኩስ አየር ወደ ሲሊንደሩ ተመልሶ እንደገና ስለሚታመቅ ነው።

አፈታቱ ከባድ አይደለም። ታንኩን ባዶ ማድረግ፣ መሰኪያውን መንቀል፣ ፊልትሮውንና የአየር ማስወጫ ቱቦውን መፍታት፣ ከዚያ አራቱን ወይም ስድስቱን ብሎኖች በመስቀለኛ ተራ ማላላት። ሳህኑ በሁለት ጓርኒሲዮን መካከል ተጣብቆ ይገኛል። በጠፍጣፋ የብሎን መፍቻ ፈልቅቆ ማንሳት ፊቱን ይጭረዋል፤ ጎኑን በእንጨት መዶሻ መታ መታ ማድረግ ይበቃል። ከዚያ ሦስት ነገር እዩ። የምላሱ ጫፍ ተሰብሮ ወይም ተጠማዝዞ ከሆነ፣ ሰማያዊ ሆኖ ከሆነ (ብረቱ በሙቀት ጠባዩን ለውጧል)፣ ወይም መቀመጫው ላይ ጥቁር ጥቀርሻ ካለ። ጥቀርሻውን በእንጨት ወይም በመዳብ ፍቁት፤ የሚጭር ብረት አይቅረበው። ሳህኑ ከተጣመመ መስተዋት ላይ 400 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት አንጥፎ በጥቂት ዘይት በክብ ማሸት ያስተካክለዋል።

የተሰበረው የምላስ ቁራጭ የት እንደገባ ሳታገኙ ቴስታታውን አትግጠሙ። ሲሊንደር ውስጥ ከወደቀ ፒስቶኑ አናት ላይ ትንንሽ ጎድጓዳዎች ታያላችሁ፤ ቁራጩም ምናልባት የሲሊንደሩን ግድግዳ ጭሮታል። ጭረቱን ጥፍር ከያዘው አዲስ ምላስ ገጥሞ መዝጋት ገንዘብ መጣል ነው።

ጓርኒሲዮኑ ሁልጊዜ አዲስ ይሁን። በተለይ የማስገቢያውንና የማስወጫውን ክፍል የሚለየው ቀጭን ድልድይ ላይ ከተቃጠለ ምልክቱ ከተሰበረ ምላስ ጋር አንድ ነው። ብሎኖቹ በመስቀለኛ ተራ፣ በሁለት ወይም በሦስት ዙር ይጠበቃሉ፤ 8 ሚሊ ብሎን ከ20 እስከ 25 ኒውተን ሜትር ይበቃዋል፣ አሉሚኒየም ላይ ወደ ታችኛው ቁጥር ተጠጉ። አንድ ጊዜ ሠርቶ ከቀዘቀዘ በኋላ እንደገና ማጥበቅ የሚዘነጋ ግን ጓርኒሲዮኑን የሚያድን ሥራ ነው።

ጥቀርሻው ከየት መጣ? ከዘይቱ። ከሲሊንደሩ የሚወጣው አየር ከ150 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሊሆን ይችላል፤ የመኪና ሞተር ዘይት እዚያ ሲገባ ማጽጃ ቅመሞቹ ተቃጥለው ምላሱ ላይ ይቀመጣሉ፣ ውሃውንም ከዘይቱ ጋር አዋሕደው ያስቀሩታል። ትክክለኛው በቁጥር 100 የሚታወቀው የኮምፕሬሰር ዘይት ነው። አዲስ ማሽን በመጀመሪያዎቹ 50 ሰዓታት ውስጥ፣ ከዚያ በኋላ በየ300 ሰዓቱ ወይም በየስድስት ወሩ ይለወጥ። መጠኑ በዘይት ማያው መስኮት ቀይ ክብ መሐል ላይ ነው፤ ማብዛት እንደ ማሳነስ ይጎዳል፣ ትርፉ ዘይት ከአየሩ ጋር ወጥቶ የቀለም ሥራውን ያበላሻል። ዘይቱ ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል፤ ማሽኑ በአጭር በአጭሩ እየሠራ ሳይሞቅ ሲቆም የሚመጣ ነው።

ሦስቱ ሲመዘኑ

ዘይት አልባው። ለጎማ መንፋት፣ ለአቧራ ማራገፍ፣ ለሚስማር መቺ ጥሩ ነው። ቀላል ነው፣ ተዳፋት ላይ ቢቀመጥም ዘይት የለውምና ችግር የለበትም፣ አየሩም ንጹሕ ነው። ግን አብዛኞቹ በደቂቃ 2850 ዙር ይሽከረከራሉ፤ ፒስቶኑ ላይ ያለው የቴፍሎን ፋሻ ያለ ዘይት በደረቁ ይፋተጋል፣ አቧራ ከገባበት ደግሞ ይበላል። ፋሻው ሲያልቅ ነጭ ወይም ግራጫ ዱቄት ፊልትሮው አካባቢ ይታያል፣ የመሙያው ጊዜም ይረዝማል። የፋሻና የሲሊንደር ኪት የሚሸጥለት ሞዴል ከሆነ አንድ ጊዜ መለወጥ ያዋጣል። የአሉሚኒየሙ ሲሊንደር ከተጫረ ግን አዲስ ፋሻ ብቻ መግጠም በወር ውስጥ ወደዚያው ይመልሳችኋል። ይህን ማሽን እንደሚያልቅ ዕቃ አድርጎ መግዛት ነው። በዚሁ ክፍል ውስጥ የተለዩት ድምፅ አልባ የሚባሉት ናቸው፤ ሞተራቸው በ1400 ዙር ገደማ ስለሚዞር ፋሻቸው የተሻለ ይቆያል፣ ዋጋቸውም ያንኑ ያህል ይጨምራል።

በቀጥታ የተገጠመው ባለ ዘይቱ። ለገንዘቡ ብዙ አየር ይሰጣል፣ የቫልቭ ሳህኑና ጓርኒሲዮኑ በየቦታው ይገኛል። ድክመቱ ከአሠራሩ ነው፦ የሞተሩ ዘንግ ራሱ የፓምፑ ክራንክሻፍት ነው፣ ኩሽኔታውም (ዘንጉ ላዩ የሚዞርበት ባለ ኳስ ቀለበት) የጋራ ነው። ኩሽኔታው ሲላላ ፒስቶኑ ብቻ አይደለም የሚንቀጠቀጠው፤ የሞተሩ ሮተርም ከቦታው ወጥቶ የውጪውን ብረት መላስ ይጀምራል። አንዱ ሌላውን ይዞ ይሞታል። ቢዬላው (ፒስቶኑን ከዘንጉ ጋር የሚያያይዘው ክንድ) ደግሞ ብዙ ጊዜ ያለ ብሮንዝ በቀጥታ ዘንጉ ላይ የተቀመጠ አሉሚኒየም ነው። ዘይቱ ሩብ ሊትር ገደማ ብቻ ስለሆነ ጥቂት ሲጎድል ቢዬላው ዘንጉን ይበላል። ለማወቅ ማሽኑን አጥፍታችሁ፣ መሰኪያውን ነቅላችሁ ማራገቢያውን በእጃችሁ ወደ ፊትና ወደ ኋላ አወዛውዙት፤ ፒስቶኑ ከመንቀሳቀሱ በፊት ባዶ ጨዋታና «ቀጭ» የሚል ድምፅ ካለ ቢዬላው አልቋል። እዚህ ላይ ፍርዳችን ጥብቅ ነው፦ ቫልቭ፣ ጓርኒሲዮን፣ ቼክ ቫልቭ፣ ካፓሲተር፣ ስዊች ይለወጡ፤ ፋሻም አንድ ጊዜ ይለወጥ። ዘንግና ቢዬላ ከሆነ ግን ማሽኑ ይለወጥ። ሞተሩ ከተቃጠለም እንዲሁ፤ የርካሾቹ ጥቅል አሉሚኒየም ስለሚሆን በመዳብ ማስጠቀለሉ ወደ አዲሱ ዋጋ ይጠጋል።

ባለ ቺንጋው። በየቀኑ ከሁለት ሰዓት በላይ አየር ለሚፈልግ ሥራ ሌላ ምርጫ ባይታሰብ ይሻላል። ፓምፑ በ1000 ዙር አካባቢ ስለሚዞር ይቀዘቅዛል፤ ከሁሉ በላይ ግን ፓምፑ፣ ሞተሩና ታንኩ የተለያዩ ዕቃዎች ናቸው። ፓምፑ ብቻውን ይገዛል፣ ሞተሩ መደበኛ መጠን ስለሆነ ይተካል። የብረት ሲሊንደሩ በቶርኖ ቤት ውስጡ ሊሰፋ ወይም ሊለወጥ ይችላል። ድካሙም ቀስ ብሎ፣ ምልክት እየሰጠ ነው የሚመጣው። የዘይት መሙያው ክዳን ተከፍቶ ሲሠራ ጠንካራ አየር በየምቱ ከወጣ፣ ከታንኩ የሚወጣው ውሃ ጥቁር ዘይት ከያዘ፣ ዘይቱም በሳምንት ውስጥ ከጎደለ ፋሻው ነው። ማረጋገጫው ፋሻውን ብቻውን ሲሊንደር ውስጥ ከትቶ በፒስቶኑ አናት ቀጥ አድርጎ መግፋትና የሁለቱን ጫፎች ክፍተት በፊለር ጌጅ መለካት ነው። ለ65 ሚሊ ሲሊንደር አዲስ ፋሻ 0.25 ሚሊ አካባቢ ያሳያል፤ 1 ሚሊ ከደረሰ ማለቁን አትጠራጠሩ። አዲሱ ፋሻ በዚያው ሲሊንደር ውስጥ ገብቶም ክፍተቱ ሰፊ ከሆነ ያለቀው ሲሊንደሩ ነው፣ ፋሻ ብቻ መግዛት ዋጋ የለውም። ሁለት ደረጃ ያለው ፓምፕ (አየሩን መጀመሪያ በትልቁ፣ ከዚያ በትንሹ ሲሊንደር የሚያምቀው) ላይ አንድ ልዩ ምልክት አለ፦ በሁለቱ ሲሊንደሮች መካከል ባለው ማቀዝቀዣ ቱቦ ላይ ያለችው ትንሽ ሴፍቲ ቫልቭ (ትርፍ ግፊት የምትለቀው) ደጋግማ ከተፋች የትንሹ ሲሊንደር ቫልቭ ወደ ኋላ እያፈሰሰ ነው። ሴፍቲ ቫልቭዋን መድፈን ሳይሆን ሳህኑን መክፈት ነው መፍትሔው።

የቺንጋው ውጥረት በአውራ ጣት ሲጫኑት በመሐሉ 10 ሚሊ ያህል ቢረግብ ልክ ነው። ከዚያ በላይ ማክረር የፓምፑንም የሞተሩንም ኩሽኔታ ያስጮኻል።

ታንኩ

ሌላው ሁሉ የሒሳብ ጉዳይ ነው፤ ታንኩ ግን የሕይወት ጉዳይ ነው። አየር ሲታመቅ ውስጡ ያለው እርጥበት ውሃ ሆኖ ታንኩ ሆድ ላይ ይተኛል፣ ብረቱንም ከውስጥ ይበላዋል። ከውጪ ቀለሙ እንዳለ ሆኖ ውስጡ ወረቀት ሊያክል ይችላል። በየቀኑ ሥራ ሲያልቅ ውሃውን ማስወጣት የሚባለው ለዚህ ነው። የሚወጣው ውሃ ቀላ ማለቱ ብዙ አያስደንቅም፤ የዝገት ቅርፊት ይዞ ከወጣ ግን ጊዜው ቀርቧል።

8 ባር በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ ከ8 ኪሎ በላይ ይጫናል። ስፋቱ 35 ሴንቲ ሜትር በሆነ ታንክ የጎን ክዳን ላይ ብቻ ሲደመር 7.8 ቶን ያህል ነው። ታንኩ ሆድ ላይ አንዲት የመርፌ ቀዳዳ አየር ስታፈስ «ትንሽ ናት፣ ትበየድ» የሚል ሰው ያላየው ነገር በቀዳዳዋ ዙሪያ ያለው ብረትም ያንኑ ያህል መሳሳቱን ነው። የሳሳ ብረት ላይ ብየዳ አጠገቡን ደግሞ ያዳክማል። ስለዚህ ታንክ አይበየድም፣ በኤፖክሲ አይለጠፍም፣ በብሎንና በጎማ አይደፈንም። ቀዳዳ የወጣው ታንክ አልቋል። በእግሮቹ ወይም በፓምፑ መቀመጫ ብየዳ ዙሪያ በንዝረት የመጣ ስንጥቅም ፍርዱ ያው ነው።

ሳይበሳ የሚያጠራጥር ከሆነ በአልትራሳውንድ መለኪያ የሆዱ ውፍረት ከጎኑ ጋር ይነጻጸራል፤ ወይም ሙሉ በሙሉ በውሃ ተሞልቶ በእጅ ፓምፕ ከሥራ ግፊቱ 1.5 እጥፍ ገደማ ድረስ ይፈተናል። በውሃ የሚሆነው ውሃ ስለማይታመቅ፣ ታንኩ ቢተረተር እንኳ ስለማይፈነዳ ነው። በአየር መፈተን ፈንጂ አጠገብ ቆሞ ቆጠራ መጀመር ነው። ሴፍቲ ቫልቩም በወር አንድ ጊዜ ቀለበቱ ተስቦ አየር መልቀቁ ይታይ፤ ካልለቀቀ ማሽኑ አይሠራበት።

ባለ ቺንጋው ላይ ታንኩ ሲያልቅ ፓምፑና ሞተሩ ደህና ከሆኑ ወደ ሌላ፣ የሥራ ግፊቱ በሳህኑ ላይ ወደተጻፈበት ታንክ ይዛወራሉ። በሁለቱ ትንንሾች ላይ ግን ታንክ ሲያልቅ ማሽኑ አልቋል።

መቼ ይለወጥ

የተለመደው ሚዛን የጥገናው ዋጋ ከአዲሱ ግማሽ ካለፈ አዲስ መግዛት ነው። ይህ ለሁለቱ ትንንሾች ይሠራል፤ ለባለ ቺንጋው ግን ጥሬ ቁጥር ነው፣ ምክንያቱም ጤነኛ ታንክና ጤነኛ ሞተር ላይ አዲስ ፓምፕ መግጠም ሌላ ዕድሜ ይገዛል። እዚያ ላይ ያለን ሚዛን ሌላ ነው፦ ከፓምፕ፣ ከሞተርና ከታንክ ሁለቱ ካለቁ ይለወጥ።

ብዙዎች የማይቆጥሩት ወጪ ኤሌክትሪኩ ነው። 1.5 ኪሎዋት ሞተር ቀድሞ በቀን 2 ሰዓት ሠርቶ የሚጨርሰውን አየር አሁን 4 ሰዓት ከፈጀበት በቀን 3 ኪሎዋት ሰዓት ተጨማሪ ይበላል፤ በ300 የሥራ ቀን 900 ይሆናል። ይህን በምትከፍሉት ታሪፍ አባዙት። «ይሠራል እኮ» የሚባለው ማሽን የአዲስ ፓምፕ ዋጋ በቆጣሪ እየከፈለ ሊሆን ይችላል።

አንዳንዴ ደግሞ ማሽኑ አላረጀም፣ ከመጀመሪያውም አንሶ ነው። በደቂቃ 250 ሊትር የሚጠጣ የቀለም መርጫ 133 ሊትር ከሚሰጥ ኮምፕሬሰር ጋር ከተገናኘ ሞተሩ ለአፍታም አያርፍም። ትንንሽ የፒስቶን ማሽኖች የተሠሩት ግማሹን ጊዜ ሠርተው ግማሹን እንዲያርፉ ነው። እንዲህ ያለውን በተመሳሳይ መጠን መተካት ያንኑ ሞት መድገም ነው። አዲስ ሲገዛ መሣሪያው የሚፈልገው አየር ተይዞ፣ ቢያንስ ሩብ ያህል ተጨምሮበት፣ በ7 ወይም በ8 ባር የሚሰጠው እውነተኛ አየር የተጻፈበትን ማሽን መምረጥ ይሻላል። የፈረስ ጉልበቱና የታንኩ ሊትር ብቻቸውን ምንም አይናገሩም፤ ትልቅ ታንክ የደከመን ፓምፕ ለጥቂት ደቂቃ ይሸፍናል እንጂ አየር አይጨምርም።

ከሚወገደው ማሽን ሬጉሌተሩ (የሚወጣውን አየር ግፊት የሚመጥነው)፣ ጌጁ፣ የጎማ መገጣጠሚያዎቹና ጤነኛ ከሆነ ፕሬዠር ስዊቹ ይነሱለት። ሴፍቲ ቫልቭና ቼክ ቫልቭ ከአሮጌ ወደ አዲስ አይዛወሩም። ያለቀው ታንክ ለሌላ ሰው ከመሰጠቱ ወይም በብረት ዋጋ ከመሸጡ በፊት አየሩ ሙሉ በሙሉ ይውጣ፣ መውጫዎቹ ሁሉ ተከፍተው ይቆዩ፤ ከዚያ ሁለት ሦስት ቦታ በ12 ሚሊ መብሻ ይበሳ። ቀለም ተቀብቶ ተመልሶ ገበያ እንዳይገባ ነው።